የከርነል ግንባታ ምርጫን ሳትመረምሩ አትቀይሩ፦ ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውኝ ከሚሠሩት ወጣቶች መካከል የሊኑክስን ከርነል (ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘውን የሥርዓቱን እምብርት) በገዛ እጁ ለመገንባት ያልሞከረ የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው የሚሰናከለው ግን ግንባታው ላይ አይደለም። አንድ ምርጫ ይቀይራል፣ ያስቀምጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስገነባ ያድራል። ጠዋት ሲያየው ምርጫው ወደ ነበረበት ተመልሷል። ወይም ምርጫው ተቀይሯል፤ ኮምፒውተሩ ግን አልነሳም ብሏል።

ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ጥፋት ነው፤ ምርጫውን ሳይጠይቁ መቀየር። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ብለው ሲሟገቱ ዳኛው ምስክር ሳይሰማ አይፈርድም ነበር። የከርነል ምርጫም ምስክር አለው። ዓይነቱን፣ የቆመበትን፣ የያዘውንና በኮዱ ውስጥ የሚሠራውን ጠይቃችሁ ከሰማችሁ በኋላ ነው ምርጫውን የምትቀይሩት።

ለምሳሌ የያዝኩት ኤችዜድ የሚባለውን ምርጫ ነው። ከርነሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ በሰዓት ምት እንደሚነቃ የሚወስን ሲሆን 100፣ 250፣ 300 ወይም 1000 ሊሆን ይችላል። አካሄዱ ለማንኛውም ምርጫ ያገለግላል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትዕዛዞቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው እንደሚነበቡት ነው። ተርሚናል ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይተየባሉ፤ የምርጫዎቹ ስሞች፣ ኢንስቶል_ሞድ_ስትሪፕ እና ሲኤልኬ_ቲሲኬ ግን በትልልቅ ፊደላት ናቸው፤ ኬኮንፊግ የሚለው የፋይል ስም ደግሞ በትልቅ «ኬ» ብቻ ይጀምራል።

1. ዝግጅት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እነዚህን ሳታሟሉ አትጀምሩ።

ቦታ፦ ቢያንስ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑራችሁ። «ዲኤፍ -ኤች» ብላችሁ አረጋግጡ። የ«/ቡት» ክፍል ለብቻው ከተከፈለ እሱንም እዩት፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው።

የምንጭ ኮድ፦ የከርነሉን 6.12 እትም ከከርነል ዶት ኦርግ አውርዱ። የታመቀው ፋይል ወደ 150 ሜጋባይት ይጠጋል፤ ሲፈታ 1.5 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። ኢንተርኔት ውድ ከሆነባችሁ አንዳችሁ አውርዱና በፍላሽ ተቀባበሉ። ከቅጂው በኋላ «ሻ256ሰም» አስኬዱና ቁጥሩን ከዋናው ጋር አስተያዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የታመቀውን ፋይል ፍላሹ ላይ ወይም የዊንዶውስ ክፍል ላይ አትፍቱት። በከርነሉ ውስጥ ስማቸው በትልቅና በትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያይ ፋይሎች አሉ። ትልቅና ትንሽ ፊደልን የማይለይ ዲስክ አንዱን በሌላው ላይ ይጽፍና ግንባታው መሀል ላይ በማይገባ ስህተት ይቆማል። ወደ ቤት ማህደራችሁ ገልብጡና እዚያ ፍቱት።

ፓኬጆች፦ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ እነዚህን ጫኑ፦ ቢልድ-ኢሴንሻል፣ ፍሌክስ፣ ባይሰን፣ ሊብንከርስስ-ዴቭ፣ ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ፣ ሊብኤልፍ-ዴቭ፣ ቢሲ።

ሴኪዩር ቡት፦ በባዮስ ውስጥ በርቶ ከሆነ ራሳችሁ የገነባችሁት ከርነል ፊርማ ስለሌለው አይነሳም። ለሙከራው ጊዜ አጥፉት።

አሁን የሚሠራውን ከርነል በምንም ምክንያት አታጥፉ። መመለሻ መንገዳችሁ እሱ ብቻ ነው።

2. መነሻ ኮንፊግ መያዝ

ወደ ተፈታው ማህደር ግቡና አሁን የሚሠራውን ከርነል ኮንፊግ፣ ማለትም የምርጫዎቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል፣ ቅዱ፦

ሲፒ /ቡት/ኮንፊግ-$(ዩኔም -አር) .ኮንፊግ

ይህ ኮንፊግ በዓለም ላይ ላለ ኮምፒውተር ሁሉ የተዘጋጀ ስለሆነ በሺህ የሚቆጠሩ ሞጁሎች (ሲያስፈልጉ የሚጫኑ የከርነሉ ክፍሎች) አሉበት። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንዳለ መገንባት ጊዜ ማቃጠል ነው። ለመቀነስ፦

ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ

ጥያቄ ሲያቀርብላችሁ ኢንተር እየተጫናችሁ እለፉ። ትዕዛዙ በዚያች ቅጽበት ያልተጫነን ሞጁል ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት የምትጠቀሙበትን ዕቃ ሁሉ ሰኩ፦ ፍላሽ፣ ማተሚያ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ስልክ። ከፍኖተ ሰላም የሚመጣ አንድ ተማሪዬ ኢንተርኔት የሚያገኘው ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ብቻ ነበር። ይህን ትዕዛዝ የሰጠው ግን ገመዱን ነቅሎ ስልኩን ግድግዳ ላይ ቻርጅ አድርጎ ነው። አዲሱ ከርነል በደንብ ተነሳ፤ ስልኩን ሲሰካ ግን ኮምፒውተሩ እንዳላየ ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን በስልኩ ላይ ሲፈልግ ነበር።

ቀጥላችሁ ሁለት እንቅፋቶችን አንሱ።

የመጀመሪያው የቁልፍ ፋይል ነው። የኡቡንቱም ሆነ የዴቢያን ኮንፊግ እናንተ ዘንድ የሌለ የምስክር ወረቀት ፋይል ይጠራል፤ ግንባታውም «ኖ ሩል ቱ ሜክ ታርጌት» ብሎ ይቆማል። ባዶ አድርጉት፦

ስክሪፕትስ/ኮንፊግ --ሴት-ስትር ሲስተም_ትረስትድ_ኪስ ""
ስክሪፕትስ/ኮንፊግ --ሴት-ስትር ሲስተም_ሪቮኬሽን_ኪስ ""

ሁለተኛው የስህተት መመርመሪያ መረጃ ነው፤ ዲስክ የሚጨርሰው እሱ ነው። «ሜክ ሜኑኮንፊግ» ክፈቱ፣ ወደ ከርነል ሃኪንግ፣ ከዚያም ወደ ኮምፓይል-ታይም ቼክስ ኤንድ ኮምፓይለር ኦፕሽንስ ግቡ፣ ዲበግ ኢንፎርሜሽን በሚለው ሥር ዲሴብል የሚለውን ምረጡ።

በመጨረሻ «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» ብላችሁ የቀረውን በነባሪው ሙሉና መነሻውን አስቀምጡ፦

ሲፒ .ኮንፊግ ../መነሻ-ኮንፊግ

መነሻው የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው፤ ቀድሞ አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚታየው ልዩነት በሙሉ የእናንተ ጥያቄ ያመጣው ልዩነት ብቻ እንዲሆን ነው።

3. ምርጫውን መጠየቅ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሌላውን ብትቸኩሉበት እንኳ እዚህ አትቸኩሉ።

«ሜክ ሜኑኮንፊግ» ውስጥ ሆናችሁ የ«/» ምልክትን ተጫኑና «ኤችዜድ» ብላችሁ ፈልጉ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ምርጫዎች ይዘረዘራሉ። ከእያንዳንዱ ሥር አራት ነገር አንብቡ።

*ዓይነትህ ምንድን ነው?* ታይፕ የሚለውን መስመር እዩ። ቡል ከሆነ መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ ነው። ትራይስቴት ከሆነ ሞጁል የመሆን ሦስተኛ መንገድ አለው። ኢንቲጀር ከሆነ ቁጥር ነው። ቀጥላችሁ ፕሮምፕት የሚል መስመር መኖሩን አረጋግጡ። ፕሮምፕት የሌለው ምርጫ እናንተ የምትነኩት አይደለም፤ ዋጋውን ከሌሎች ምርጫዎች የሚቀበል ነው።

ኤችዜድ እንደዚህ ያለ ነው። ቁጥር ነው፤ ፕሮምፕት የለውም። ብዙ ሰው «.ኮንፊግ» ፋይሉን በኤዲተር ይከፍትና «ኮንፊግ_ኤችዜድ=250» የሚለውን 1000 አድርጎ ያስቀምጣል። ግንባታው ሲጀምር ቁጥሩ እንደገና ይሰላና 250 ሆኖ ይመለሳል። ማንም አልደበቀበትም፤ የጠየቀው የተሳሳተውን ምርጫ ነው። ሊነካ የሚችለው «ኤችዜድ_1000» የሚባለው፣ ፕሮምፕት ያለው ምርጫ ነው። እሱ ከእነ «ኤችዜድ_100» እና «ኤችዜድ_250» ጋር በአንድ ቡድን ውስጥ ስላለ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። ይህ ሁሉ «ከርነል/ኬኮንፊግ.ኤችዜድ» በሚባል አጭር ፋይል ውስጥ ተጽፏል፤ ከፍታችሁ አንብቡት፣ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

*በማን ላይ ቆመሃል?* ዲፔንድስ ኦን የሚለውን እዩ። እዚያ ከተዘረዘሩት አንዱ ከጠፋ ምርጫችሁ ከማውጫው ይሰወራል፤ በእጅ ብትጽፉትም ይሰረዛል። የተሰወረን ለማየት ሜኑኮንፊግ ውስጥ «ዜድ»ን ተጫኑ። ምርጫውን ከማሳደድ ይልቅ የቆመበትን ፈልጋችሁ አብሩ።

*ማን ይዞሃል?* ሴሌክትድ ባይ የሚለው መስመር ነው። ሌላ ምርጫ አስገድዶ ካበራው እናንተ ልታጠፉት አትችሉም። ማውጫው ላይ ከስሙ ፊት ያለው ምልክት ይነግራችኋል። በአራት ማዕዘን ቅንፍ ያለው በነጻ ይቀየራል፤ «-*-» ሆኖ የሚታየው በሌላ የተያዘ ነው፤ በጠማማ ቅንፍ ያለው ደግሞ ቢያንስ ሞጁል ሆኖ እንዲቆይ የተገደደ ነው። ሲአርሲ16 (መረጃ አለመበላሸቱን ማጣሪያ ቁጥር የሚያሰላ ኮድ) ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ6.12 ላይ ልታጠፉት ብትሞክሩ እሺ አይልም፤ ኢኤክስቲ4 የፋይል ሥርዓት ይዞታልና። ዲስካችሁ ኢኤክስቲ4 ከሆነ ሲአርሲ16ን ማጥፋት መፈለጋችሁ ራሱ ስህተት ነበር ማለት ነው። ሴሌክትድ ባይ የሚለውን መስመር የሚያነብ ሰው ይህን አምስት ሰከንድ ውስጥ ያውቃል፤ የማያነብ ሌሊቱን ያጣል።

አንድ አደጋ አለ። በሴሌክት የሚያዝ ምርጫ የቆመበት ቢጠፋም ተገዶ ይበራል። «አንሜት ዳይሬክት ዲፔንደንሲስ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ይኸው ደርሷል። አልፋችሁ አትሂዱ፤ የተጠቀሱትን ሁለት ስሞች ይዛችሁ ወደዚህ ጥያቄ ተመለሱ።

*በኮዱ ውስጥ ምን ትሠራለህ?* የእርዳታ ጽሑፉ ጠቋሚ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የኤችዜድ እርዳታ 100 ብዙ ፕሮሰሰር ላላቸው ሰርቨሮች፣ 250 ለመካከለኛ፣ 1000 ደግሞ ፈጣን ምላሽ ለሚሻ ዴስክቶፕ ይመከራል ይላል። ለምን እንደሆነ ኮዱን ጠይቁ፦

ግሬፕ -አርኤን ኮንፊግ_ኤችዜድ --ኢንክሉድ='*.ኤች' .

«ኢንክሉድ/ኤኤስኤም-ጄኔሪክ/ፓራም.ኤች» ላይ ኮንፊግ_ኤችዜድ ኤችዜድ ተብሎ ስሙ ሲያጥር ታገኙታላችሁ። የቀረው ኮድ የሚጠቀመው በዚህ አጭር ስም ነው። ለሌሎች ምርጫዎች «ኢዝ_ኢኔብልድ» በሚለው ቅንፍ ውስጥም፣ በሜክፋይሎች ውስጥም ፈልጉ። በኬኮንፊግ ፋይሎች ውስጥ «ኮንፊግ_» የሚለው ቅድመ ስም የለም፤ ሳታወጡት ከፈለጋችሁ ምንም አይገኝም።

ኤችዜድ በተግባር የሚነካውን እንዲህ አስቡት። የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ በየጊዜው ቀና ብሎ ያያል፤ የቆየውን አስወጥቶ ቀጣዩን ያስገባል። ኤችዜድ ቀና የሚልበት ብዛት ነው። 250 ሲሆን በየ4 ሚሊሰከንዱ፣ 1000 ሲሆን በየ1 ሚሊሰከንዱ ያያል። ቶሎ ቶሎ ካየ ተራ የሚጠብቀው ፕሮግራም ቶሎ ይገባል፤ ነገር ግን ቀና ባለ ቁጥር የሚያጠፋው ጊዜ አለ። ሥራ የሌለው ኮር ላይ ደግሞ አብዛኛው ኮንፊግ ምቱን ያስቆመዋል፤ ስለዚህ «1000 ባትሪ ይጨርሳል» የሚለውን ሳትለኩ አትመኑ።

የፕሮግራሞች አጭር እንቅልፍ በሌላ፣ ይበልጥ በረቀቀ ሰዓት ቆጣሪ ይመራል። ፕሮግራማችሁ አንድ ሚሊሰከንድ ተኝቶ ዘግይቶ ነቃ ብላችሁ ኤችዜድን ከከሰሳችሁ የከሰሳችሁት ንጹሑን ነው።

4. ከመቀየር በፊት መለካት

የምትጠብቁትን በአንድ መስመር ወረቀት ላይ ጻፉ። ለምሳሌ፦ «1000 ካደረግሁ በሥራ በተጠመደ ኮር ላይ የሰዓት ኢንተራፕት በሰከንድ ከ250 ወደ 1000 ከፍ ይላል።» ኢንተራፕት ማለት ኮሩን ከሥራው አቋርጦ የሚያነቃው ምልክት ነው። ሊለካ የማይችል ሐሳብ ካላችሁ ምርጫውን ለመቀየር ገና አልተዘጋጃችሁም።

አንድ ኮር በሥራ ጥመዱ፦

ታስክሴት -ሲ 0 የስ > /ዴቭ/ነል &

ከዚያ «ግሬፕ ሎክ /ፕሮክ/ኢንተራፕትስ» ብላችሁ የመጀመሪያውን ዓምድ መዝግቡ፤ ሎክ የሚለው በትልልቅ ፊደላት ነው። 10 ሰከንድ ቆይታችሁ ድገሙ። በ250 ላይ ልዩነቱ 2,500 አካባቢ ይሆናል። ትንሽ ቢበልጥ አትደንግጡ፤ ሌሎች ሰዓት ቆጣሪዎችም እዚያው ይቆጠራሉ። ሲጨርሱ «ኪልኦል የስ» በሉ።

ልዩነቱ 10,000 አካባቢ ከሆነ ከርነላችሁ አስቀድሞ 1000 ነው። ኡቡንቱ በ24.10 ወደ 1000 ተሻግሯል። እንዲህ ከሆነ ሙከራውን ገልብጡና 250ን ፈትኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ጌትኮንፍ» በሚባለው ትዕዛዝ «ሲኤልኬ_ቲሲኬ»ን ጠይቃችሁ 100 የሚል መልስ ብታዩ አትታለሉ። እሱ ለፕሮግራሞች የሚታይ የተለየ ቁጥር ነው፤ ኤችዜድ ቢቀየርም አይቀየርም።

5. መቀየርና ማጣራት

ስክሪፕትስ/ኮንፊግ -ዲ ኤችዜድ_250 -ኢ ኤችዜድ_1000
ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ
ስክሪፕትስ/ዲፍኮንፊግ ../መነሻ-ኮንፊግ .ኮንፊግ

የመጨረሻው ትዕዛዝ ሦስት መስመር ብቻ ሊያሳያችሁ ይገባል፦ ኤችዜድ ከ250 ወደ 1000፣ ኤችዜድ_1000 ከኤን ወደ ዋይ፣ ኤችዜድ_250 ከዋይ ወደ ኤን (ዋይ በርቷል፣ ኤን ጠፍቷል ማለት ነው)።

ምንም ካላሳየ ለውጡ ተሰርዟል፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ከሦስት በላይ ካሳየ ሳታውቁ ሌላ ነገር ነክታችኋል፤ መነሻውን መልሳችሁ ቅዱና ከዚህ ደረጃ ጀምሩ። አንድ ጊዜ አንድ ምርጫ ብቻ ቀይሩ።

ሌላ ወጥመድ አለ። በፋይሉ ውስጥ «# ኮንፊግ_እገሌ ኢዝ ኖት ሴት» የሚል መስመር በ«#» ስለሚጀምር ተራ ማስታወሻ ይመስላል። አይደለም፤ ምርጫው እንዲጠፋ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። መስመሩን ብታጠፉት ምርጫው «አልተወሰነም» ይሆንና ነባሪው ይመለሳል፤ ነባሪው ዋይ ከሆነ ያጠፋችሁት መልሶ ይበራል። በእጅ ከመሰረዝ ይልቅ ስክሪፕቱን ተጠቀሙ።

ልዩነቱን ካያችሁ በኋላ «ሎካልቨርዥን» ለሚባለው ምርጫ በ«--ሴት-ስትር» መለያ ስም ስጡ። ሁለቱ ከርነሎች በስም እንዳይደባለቁ ነው።

6. መገንባትና መጫን

ሜክ -ጄ2

ማህደረ ትውስታው 4 ጊጋባይት ለሆነ ማሽን ከ2 አትለፉ። «ኪልድ» የሚል ቃል ታይቶ ከቆመ ማህደረ ትውስታ አልቋል፤ በ1 ድገሙት። ኤችዜድ ሁሉንም የሚነካ ስለሆነ ከዚህ በፊት ገንብታችሁ ቢሆንም ሁሉም ማለት ይቻላል እንደገና ይገነባል።

መብራት ቢጠፋ ያው ትዕዛዝ ካቆመበት ይቀጥላል። ነገር ግን ማሽኑ በድንገት ከጠፋ ስማቸው ኖሮ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ፋይሎች ሊቀሩ ይችላሉ፤ ግንባታው ደግሞ ያለቁ መስሎት ያልፋቸዋል። ስትመለሱ መጀመሪያ ይህን ስጡ፦

ፋይንድ . -ኔም '*.ኦ' -ሳይዝ 0 -ዲሊት

ሲያልቅ በሱዶ ሞጁሎቹን አስቀድሙ፣ ከርነሉን አስከትሉ፦

ሱዶ ሜክ ኢንስቶል_ሞድ_ስትሪፕ=1 ሞጁልስ_ኢንስቶል
ሱዶ ሜክ ኢንስቶል

ቅደም ተከተሉን አትለዋውጡ። ሁለተኛው ትዕዛዝ የማስነሻውን ምስል የሚያዘጋጀው ከተጫኑት ሞጁሎች ነው፤ ሞጁሎቹ ከሌሉ ዲስካችሁን የሚያነብ ድራይቨር ሳይገባበት ይቀራል።

7. ማስነሳትና መፍረድ

አስነሱና በግረብ (ከርነሉን በሚያስነሳው ፕሮግራም) ማውጫ ላይ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ አዲሱን ምረጡ። ማውጫው ካልታየ ሲነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ተጫኑ። ከገባችሁ በኋላ «ዩኔም -አር» የሰጣችሁትን መለያ ስም ማሳየቱን አረጋግጡ። ከዚያ የደረጃ 4ን ልኬት እንዳለ ድገሙት። 10,000 አካባቢ ከመጣ ምርጫው በእርግጥ ሠርቷል።

ምርጫው ሠራ ማለት ግን ጠቀመ ማለት አይደለም። ለመቀየር ያነሳሳችሁን ነገር ለብቻው ለኩት፤ የሚንተባተብ ድምፅም ይሁን የባትሪ ዕድሜ። በእያንዳንዱ ከርነል ቢያንስ አምስት ጊዜ ለኩ። በአንዱ ከርነል ላይ ያሉት አምስት ልኬቶች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት ሁለቱ ከርነሎች ከሚለያዩት በላይ ከሆነ ልዩነት አላገኛችሁም፤ ወደ ነባሪው ተመለሱ።

ካልተነሳ፦ «ቪኤፍኤስ፦ አንኤብል ቱ ማውንት ሩት ኤፍኤስ» የሚል ከታየ ከርነሉ ዲስኩን አላገኘውም። በአሮጌው ከርነል ተነሱና «/ቡት» ውስጥ በአዲሱ ስም የኢኒትአርዲ ፋይል (የማስነሻው ምስል) መኖሩን እዩ። ከሌለ «ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ሲ -ኬ» ብላችሁ የከርነሉን ስም ጨምሩ። ካለ ደግሞ ኢኤክስቲ4_ኤፍኤስ እና የዲስካችሁ ድራይቨር፣ ማለትም ቢኤልኬ_ዴቭ_ኤንቪኤምኢ ወይም ሳታ_ኤኤችሲአይ፣ በ«.ኮንፊግ» ውስጥ መብራታቸውን አጣሩ። ሎካልሞድኮንፊግን ተጠቅማችሁ ከሆነ ቀድማችሁ የምትጠረጥሩት እሱን ነው።

8. ጥያቄውን ለባለቤቱ ማቅረብ

ነባሪው ትክክል አይደለም ብላችሁ በልኬት ካመናችሁ ለክፍሉ ኃላፊዎች ጻፉ። እነማን እንደሆኑ ከርነሉ ራሱ ይነግራችኋል፦

ስክሪፕትስ/ጌት_ሜይንቴነር.ፒኤል -ኤፍ ከርነል/ኬኮንፊግ.ኤችዜድ

ደብዳቤው ጌጥ የሌለው ተራ ጽሑፍ ይሁን፤ ምስልም የቢሮ ሰነድም አታያይዙ። የከርነሉን ቁጥር፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነት፣ የዲፍኮንፊግን ሦስት መስመር፣ ልኬቱን በምን እንደወሰዳችሁና ሁሉንም ቁጥሮች አስገቡ፤ ያልጣሟችሁንም ጭምር። ጥያቄውን አንድ አድርጉት። መልስ የሚሰጣችሁ ሰው በሌላ ጭነት ላይ ድጋሚ እንድትለኩ ሊጠይቃችሁ ስለሚችል ሁለቱንም ከርነሎችና መነሻ ኮንፊጉን እስከዚያው አታጥፉ።